እምቢ የማይባል እንግዳ

ዶክተር ዋኒስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ደሜ ፈልቶ ነው። ለልደት አምስት ቀን ሲቀረው፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ በመቀስና በሙጫ የተጨነቁባቸው፣ ስማቸውንም የጻፉባቸው የወረቀት ኮከቦች ከክፍሌ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ወንበር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ያወርዳቸዋል።

ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅኩት። ፊቱን ሳያዞር፣ ቃል በሚጎትተው የግብፅ አነጋገሩ፣ ክፍሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል እንደሚሆንና አቧራ የሚይዝ ነገር ሁሉ መውረድ እንዳለበት ነገረኝ።

"አቧራ አይደሉም፣ ኮከቦች ናቸው" አልኩት።

"ኮከብም አቧራ ይይዛል መምህርት" አለኝ። "ሰማይ ላይ ስላሉ የሚወለውላቸው ጠፍቶ ነው እንጂ።"

በሩን ድርግም አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።

ሰዎቹ መምጣታቸውን አውቅ ነበር። ከካይሮ፣ ሹብራ ከሚባለው ሰፈር፣ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ናቸው፤ ከመሪያቸው ከካህኑ ከአቡና ቡትሮስ ጋር ስምንት ይሆናሉ። በየዓመቱ የሥራ ፈቃዳቸውን አጠራቅመው በልደት ሰሞን ወደ አንድ አገር ለአገልግሎት ይሄዳሉ። ዘንድሮ ዕጣው ለእኛ፣ በሙት ባሕር አቅራቢያ ከከረክ ከተማ በላይ ላለችው መንደራችን ወጣ። ከሞሱል ተፈናቅለው እኛ ዘንድ ለተጠለሉት ኢራቃውያን፣ ደግሞም ዓይኑ ለፈዘዘ ለማንኛውም ሰው፣ የዓይን ሞራ በነፃ ሊገፍፉ ነው። የእኛ ልደት ዲሴምበር 25 ነው፤ የእነሱ ጃንዋሪ 7። ስለዚህ እኛ በግ ስናርድ እነሱ ጾም ላይ ናቸው፣ ጃንዋሪ 4 ደግሞ ጓዛቸውን ጠቅልለው ለበዓላቸው አገራቸው ይገባሉ። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። የእኔን ክፍል እንደሚወስዱ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ልጣላው ተዘጋጅቼ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ካርቶን አገኘሁ። ኮከቦቹ እያንዳንዳቸው በስስ ወረቀት ተጠቅልለዋል። ክዳኑ ላይ የክፍሌን ጣሪያ በእርሳስ ሥሎታል፤ የትኛው ኮከብ የት እንደነበረ፣ ሲመለስም የት እንደሚሰቀል። በአንዱ ጥግ እንዲህ ይላል፦ "ሦስተኛ ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛ። የጁድ ኮከብ። አንድ ጫፉ ተቀዷል፤ እኔ አይደለሁም።"

ስሜ ሱሃድ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ምላሷ ያቆስላል እያሉም በመንደሩ ይፈሩኛል። ያን ቀን ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። ካርቶኑን ታቅፌ ቆሜ፣ ቁጣዬ ከውስጤ እየሟሟ ሲሄድ ተሰማኝ፤ በቦታው ምን እየገባ እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

*

በማግስቱ ሰው ካጠራችሁ ልርዳ ብዬ ሄድኩ። ሥራዬ አሮጊቶቹን እጃቸውን ይዞ ማስገባትና ማረጋጋት፣ ዕቃም ማቀበል ሆነ። ግብፆቹ በተናገሩ ቁጥር አሮጊቶቹ የቴሌቪዥን ድራማ የተከፈተላቸው ይመስላቸውና ይስቃሉ፤ የሚስቅ ሰው ዓይን ደግሞ አይቀደድም። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስቆጣቸው ብቻ ነው ፀጥ የሚሉት።

ሁላችንም አፍንጫና አፋችንን ሸፍነናል። በሥራ ሰዓት ከዋኒስ ፊት የማየው ከጭንብሉ በላይ ያለውን ብቻ ነበር። ሲደክመው የግራ ቅንድቡ ዝቅ ይላል። ሥራው ሲያምርለት ዓይኖቹ ይጠብባሉ፤ ያኔ ከታች ፈገግ እንዳለ አውቃለሁ። መቀሱን ሲቀበለኝ ቀና ይላል፣ እኔም ቀና እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም የሚሠራ ነገር እንፈልጋለን።

በእረፍት ሰዓት ይነታረከኛል። እናንተ የከረክ ሰዎች ለመሳቅም ከሽማግሌ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ ወይ ይለኛል። እናንተስ ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ቀልድ ጨርሳችሁ ነው የምታለቅሱት እለዋለሁ። አንድ ቀን ስለ ቤቱ ሳልጠይቀው ነገረኝ። አባቱ ሹብራ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነው። ዋኒስ የሕክምና መጽሐፎቹን ያነበበው በዚያች ጠባብ ሱቅ፣ ከካውያው እንፋሎት ጎን ተቀምጦ ነው። ይህን ሲናገር አላፈረም፣ አልተኩራራምም። እኔ ግን የአባቴን ሳሎን አሰብኩ፤ ግድግዳውን ዙሪያውን የያዘውን ምንጣፍና ትራስ፣ የጎሳችን ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን። ከዚያ ቤት ሴት ልጅ ለባዕድ ተሰጥታ አታውቅም፤ ለባሕር ማዶ ሰው ደግሞ በሕልምም የለ። የልብስ ተኳሽ ልጅ ቢባልማ አጎቶቼ ምን እንደሚሉ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ሺሙኒ የምትባለውን አሮጊት ፋሻ የፈታን ቀን ግን ይህ ሁሉ ጠፋብኝ። ሺሙኒ ከሞሱል ሜዳ የተፈናቀለች ናት። ከቤቷ ስትወጣ ዓይኗ መድከም ጀምሮ ነበር፣ እኛ ዘንድ ስትደርስ ጨርሶ ጨለመ። ዋኒስ የመጨረሻውን ፋሻ አነሳና ወደ ኋላ ሄደ። አሮጊቷ ዓይኗን አርገበገበች። ፊት ለፊቷ ልጇ ቤህናም ተንበርክኳል። ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ ፀጉሩን ነካች።

"ቤህናም፣ ልጄ፣ መቼ ነው የሸበትከው?"

"ትናንት ነው እማ" አላት እያለቀሰ። "አንቺን ስጠብቅ።"

አቡና ቡትሮስ ቀስ ብለው ኪርያላይሶን ማለት ጀመሩ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔ ቆሜ መጸለይም ማልቀስም አልቻልኩም። ሰው በእጁ እንዲህ ያለ ነገር ሊሠራ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ቀና ስል ዋኒስ እያየኝ ነው፤ ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። ያን ጊዜ ፈራሁ። የፈራሁት እሱን ሳይሆን ልቤን ነው።

*

አባቴን ሁሉም አቡ ጋሳን ይለዋል። በአካባቢው ደም ሲቃባ፣ ሰው በድንበር ሲጣላ፣ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ የሚጠራው እሱ ነው፤ ከአፉ የወጣ ቃል ተመልሶ አይገባም። ዓለምን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በጭጋግ ውስጥ ነበር የሚያያት። ታከም ሲሉት አልታከምም አለ። ሐኪሞቹ የመጡት ለተፈናቀሉት ነው፣ አስተናጋጅ የእንግዳን ወረፋ አይወስድም አለ። እናቴ ለመነች፣ እኔ ጮህኩ፣ አልሆነም። ዋኒስ አንድ ማታ ወደ ቤት ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ ሽማግሌ የሚዋሸውን ሰው ፊት ሳያይ እንዴት ይፈርዳል? አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ዲሴምበር 24 ቀን፣ የዕለቱ ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ የመጨረሻው ሆኖ ተኛ።

ፋሻው የሚፈታው በማግስቱ፣ በልደት ቀን ነበር። እኩለ ቀን ላይ ዋኒስ ብቻውን መጣ። ሳሎኑ ውስጥ ወደ ሠላሳ ወንዶች ተቀምጠዋል፣ ጓዳው ውስጥ ሥጋው በእርጎ እየተንተከተከ ነው። እኔ ጠብታውንና ጥጡን በትሪ ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ።

ዋኒስ ፋሻውን ፈታ። አባቴ መጀመሪያ ያየው በመስኮቱ ወደ ውጭ ነው። ከቤታችን ሆኖ ሲታይ ኮረብታው እየወረደ እየወረደ ሙት ባሕር ድረስ ይሄዳል። አባቴ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ትንፋሹ መስታወቱን እስኪያጨልመው ድረስ ቆመ። "ባሕሩ እዚያው ነው" አለ። ከዚያ ዞሮ ወንድሞቹን በየተራ እያየ በስማቸው ይጠራቸው ጀመር። "ናይፍ፣ አርጅተሃል" አለው ታናሹን። መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ።

"ሱሃድ። እናቴን መስለሽ የለም እንዴ። ማንም አልነገረኝም።"

 አንድ አጎቴ አማተበ። 

ያጎቴ ልጅ መራራውን ቡና ይዞ ገባ፤ የመጀመሪያው ሲኒ ለክብር እንግዳው ተሰጠ። ዋኒስ በሁለት እጁ ተቀበለና፣ ሳይጠጣ፣ ቀስ ብሎ ከፊቱ አስቀመጠው።

ይህን የእኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ሲኒውን አይጠጣም፤ ከፊቱ ያስቀምጠዋል። ባለቤቱ "ጠጣ፣ የመጣህበት ተፈጽሟል" እስኪለው ይጠብቃል። መልስ ሳያገኝ ሲኒው ከቀዘቀዘ ለባለቤቱ ውርደት ነው። ዋኒስ ግን ከሹብራ ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት እነሱ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሊቀድሱ ነበር፤ ሊቆርብ ስለሆነ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውኃም በአፉ አልዞረም። የሰጡትን አልቀበልም ማለት ነውር እንደሆነ ተምሯል፤ ተቀብሎ ማስቀመጥ ጨዋነት መስሎታል።

አባቴ ሲኒውን አየ። ስድስት ዓመት ሲኒ ማየት ያልቻለ ሰው አንዱን ከእንግዳው ፊት ተቀምጦ አየው። ፊቱ በራ።

"ጠጣ ልጄ" አለ። "ይህን ዓይን መልሰህ ብትጠይቀኝ እንኳ ያንተ ነው። የመጣህበት ተፈጽሟል።"

ዋኒስ ምን እንደተባለ አልገባውም። የሚያስረዳው ሰው ፍለጋ ቀና አለና፣ ሥራ ላይ እንደለመደው፣ እኔን አየ። ሠላሳ ራስ ዓይኑን ተከትሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን ይጠየቃል ታዲያ" አለ አጎቴ ናይፍ። "ልጅቷን ነው።"

አባቴ አላመነታም። "ከሆነም ሰጥቼሃለሁ" አለ።

እግሬ ከመሬት የተነሳ መሰለኝ። እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልኝና፣ ጎሳውንም፣ ባሕሩንም፣ ካውያውንም ረስቼ በደስታ ልሞት ነበር። ከዚያ ዋኒስ ፊቱ ደም መስሎ ተነሳ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አቡ ጋሳን" አለ።  "እኔ ምንም አልጠየቅኩም። ስለምቆርብ ነው ያልጠጣሁት።"

ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ጓዳ ገብቼ ከትልቁ ድስት ጀርባ ተደፋሁ። በሠላሳ ሰው ፊት ተሰጥቼ በሠላሳ ሰው ፊት አልተወሰድኩም። በሩ ላይ እናቴ ተከትላኝ መጥታ ቆመች።

*

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን እንዴት እንደሄደ እኔ አውቃለሁ። አባቴ ቃሉ ከአፌ ወጥቷል፣ መልሼ አልውጠውም አለ። ስለዚህ ለዋኒስ የተሰጠሁ ነኝ፤ እሱ ግን አልጠየቀኝም። ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ይጠይቀኛል? አጎቴ ናይፍ ኮፕቱ ግብፃዊ ንቆናል እያለ ቤት ለቤት ዞረ። የሰፈር ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ የታመመ ሰው እንደሚጠይቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉልኛል።

ወደ ሥራው ተመለስኩ፤ ብቀር ኖሮ ይብስ ነበር። ዋኒስ መቀስ ሲጠይቀኝ መቀስ እሰጣለሁ፣ ጥጥ ሲጠይቀኝ ጥጥ። ሊያናግረኝ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ "ቀጣዩ በሽተኛ ማን ነው ዶክተር?" አልኩት። ምላሴ ተመልሶልኝ ነበር፤ ያ ምላስ ግን ከማንም ይልቅ እኔኑ አቆሰለኝ።

ጃንዋሪ 2 ቀን ሺሙኒ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ጠበቀችኝ።

"ዓይኔ ከበራ ወዲህ የማየው ነገር በዝቶብኛል" አለችኝ። "እሱ አንቺን ሲያይ አየሁት። አንቺ እሱን ላለማየት አንገትሽ ሲጣመም አየሁሽ። ለአንገትሽ አዘንኩ። እንቺ።" የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠች።

ቀዶ ሕክምናው አልቆ ባዶ የቀረው ክፍሌ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ አነበብኩት።

"ሱሃድ፣

ሲኒውን ሳስቀምጥ ምንም አልጠየቅኩም፤ እውነቴን ነው። ዓይኔ ግን ጠይቋል። አጎትሽ አልተሳሳተም።

ከካይሮ ስንነሳ ሰባታችንም ከአቡና ቡትሮስ ፊት ቆመን ቃል ገብተናል፤ በአገልግሎት ላይ ሳለን ከምናገለግለው ሰው ለራሳችን ምንም አንጠይቅም። ያኔ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ስለ ገንዘብና ስለ ስጦታ ነበር ያሰብኩት።

አባትሽ 'ይህን ዓይን መልሰህ ብትጠይቀኝ ያንተ ነው' ሲለኝ ደነገጥኩ። እውነቱን ነበር። ያን ሰዓት ምን ብጠይቀው እምቢ ይለኛል? ዓይኑን ያበራሁለት ሰው እምቢ ሊለኝ ካልቻለ ጥያቄዬ ጥያቄ አይደለም፣ ንጥቂያ ነው። አንቺን ደግሞ ከሰው እጅ ነጥቄ መውሰድ አልችልም። አንቺ ውለታ መመለሻ አይደለሽም።

ሰው ፊት እንዳዋረድኩሽ አውቃለሁ። ሌላ መንገድ ብፈልግ ጊዜ አላገኘሁም፣ እውነቱ ብቻ አፌ ላይ መጣ። ዓለም ላይ የማልፈልገው ነገር አንቺን ማስለቀስ ነው፤ ያደረግኩትም እሱኑ ነው።

ቅዳሜ እንሄዳለን። ዳግመኛ አልጽፍልሽም፤ የእኔ ደብዳቤ እዚያ ቤት በገባ ቁጥር የአባትሽን ዓይን ዋጋ የሚጠይቅ ይመስላልና። ኮከቦቹን መልሼ ሰቅያለሁ። የጁድን ጫፍ አጣብቄዋለሁ።

ዋኒስ"

ቀና አልኩ። ኮከቦቹ ሁሉም በየቦታቸው ተሰቅለዋል፤ ስገባ አላየኋቸውም ነበር። የምወደው ሰው ሊወስደኝ ይችል ነበር፤ አልወሰደኝም፣ ያልወሰደኝም ስለሚወደኝ ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር መኖሩን ማንም አልነገረኝም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

*

አባቴ ዓይኑ ከተፈታ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። የሩዝ ጆንያ ላይ ያለውን፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የፍራሹን ምልክት። እናቴ ዕቃ የጠቀለለችባቸውን የድሮ ጋዜጦች እየዘረጋ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የሆነውን ዛሬ እንደሆነ አድርጎ ይነግረናል፤ ከሞተ የቆየ ሰው ታመመ ብሎ አዝኖ ያውቃል። እኔ ሞኟ ደብዳቤውን የውጤት መዝገቤ ውስጥ ከትቼ መዝገቡን ሳሎን ጥዬው ነበር።

አርብ ማታ እራት ላይ፣ ዳቦ እየቆረሰ፣ "ጽሑፉ ይነበባል" አለ። "የሐኪም ጽሑፍ አይመስልም።"

 "አባ፣ የሰው ደብዳቤ ነው እኮ።"

"ስድስት ዓመት ያላነበበ ሰው አይመርጥም።"

እናቴ ምን እንደሆነ ሳይገባት ከአንዳችን ወደ አንዳችን ትመለከታለች። አባቴ ዳቦውን አስቀመጠ። ያን ቀን ሰጥቼሃለሁ ሲል ስለ እኔ አንዲት ነገር እንዳላሰበ ነገረኝ። ያሰበው ስለ መስኮቱ፣ ስለ ባሕሩ ነበር። ደስታው አሰከረውና በእጁ ካለው ሁሉ የሚወደውን አንስቶ ሰጠ፤ የሚወደው ደግሞ ሰው እንደሆነ ረሳ።

"ይህን ያየው እሱ ነው" አለ። "ዓይኔ በርቶ እኔ አላየሁትም።"

ወደ እኔ ዘንበል አለ።

"ትወጂዋለሽ?"

ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ በጣቴ መልቀም ጀመርኩ። አንድ በአንድ ለቀምኩት። አባቴ ጠበቀኝ፤ ፍርፋሪው አለቀ፣ እኔ አሁንም ጣቴን እያንቀሳቀስኩ ነው።

"በቃ ገባኝ" አለ።

 አርባ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ አንድም ቃል እንዳላጠፈ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ ተናገረ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ሐዘን ይሁን ፍርሃት መለየት አቃተኝ። አባቴ ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበርና ተጨነቅኩ።

*

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሟል። መንደሩ ግማሹ ሊሸኝ ወጥቷል፤ ሺሙኒ የሰውን ሁሉ ፊት እያየች ትዞራለች። አባቴ ካባውን ደርቦ፣ ሻሹን አስተካክሎ፣ ከአጎቶቼ ጋር ቁልቁል ሲመጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜያለሁ።

አባቴ ቀጥ ብሎ ወደ አቡና ቡትሮስ ሄደ።

"አቡና፣ አገልግሎታችሁ አልቋል?"

"የመጨረሻውን ፋሻ ዛሬ ጠዋት ፈታን" አሉ አቡና። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። "የቀረን መንገድ ነው።"

"እንግዲያው ይህ ልጅ ሐኪሜ መሆኑ ቀርቷል?"

አቡና ዋኒስን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ጢማቸውን አሻሹ። "አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ ካሳረፈ ቀርቷል" አሉ።

ዋኒስ ግራ ተጋብቶ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ። ሰው ሳቀ፤ አባቴ ግን አልሳቀም።

"በልደት ቀን ምንም አልጠየቅኩም ብለሃል" አለው። "አሁን ጠይቅ።"

"አቡ ጋሳን፣ እኔ እርስዎን መጠየቅ..."

"ጠይቅ ብዬሃለሁ።"

ዋኒስ ምራቁን ዋጠ። ነፋሱ ሸሚዙን ያራግበዋል። በሙሉ መንደር ፊት፣ አንድ እግሩ አውቶቡስ ላይ አንድ እግሩ መሬት ላይ ሆኖ፣ "ልጅዎን ሱሃድን እንዲሰጡኝ እለምንዎታለሁ" አለ።

"እምቢ" አለ አባቴ።

ቃሉ ድንጋይ ላይ የወደቀ ያህል ነበር። እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። አጎቴ ናይፍ ወደ ፊት መጣ።

"ወንድሜ፣ ሠላሳ ሰው ፊት ሰጥተሃል እኮ። ቃልህስ?"

"ቃሌን አጥፌያለሁ" አለ አባቴ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። "አርባ ዓመት አላጠፍኩም፣ ዛሬ አጠፍኩ። ሠላሳችሁም ለሠላሳ ሰው ንገሩ።"

 የጎሳችን ሽማግሌ በአደባባይ ቃሉን አጠፈ፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ታሪክ ተብሎ ይነገራል። አባቴ ወደ ዋኒስ ተጠጋ።

"ሰማኸኝ ልጄ? እምቢ ብዬሃለሁ። ስለ ዓይኔ እስክሞት አመሰግንሃለሁ፣ ልጄ ግን ከምስጋናው ውስጥ የለችበትም። አየህ፣ እምቢ ልልህ እችላለሁ። አሁን ሂድ፣ ጾምህን ከእናትህ ጋር ፍታ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና። ልብስ ተኳሹን አባትህን ይዘኸው ና፣ ከጎኔ ይቀመጣል። ያን ቀን እሺ ልልህ እችላለሁ፤ እምቢም ልልህ እችላለሁ።"

እምቢ ተብሎ ፊቱ እንደዚያ የበራ ሰው አይቼ አላውቅም። ዋኒስ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ትከሻ ሳመ፤ ቀና ሲል እያለቀሰ ነበር፣ ሊደብቀውም አልሞከረም። አባቴ ያደረገው ነገር ገና ያን ጊዜ ገባኝ። ክብሩን፣ አርባ ዓመት የጠበቀውን ስሙን፣ መሬት ላይ አስቀምጦ እኔን ነፃ አወጣኝ። ከዚህ በፊት አባቴን እወደው ነበር። ያን ጠዋት ግን በፊቱ መቆም አስፈራኝ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "እኔ መልሴን ሰጥቻለሁ። የአንቺን አላውቅም" አለና ጀርባውን ሰጥቶን ቁልቁል ባሕሩን ማየት ጀመረ።

ዋኒስ እግሩን ከደረጃው ላይ አላነሳም፤ እንዲያነሳ የነገረው ሰው አልነበረም። ያለ ጭንብል፣ ሙሉ ፊቱን ሆኖ አየኝ።

"ሱሃድ" አለ፣ መምህርት ሳይል። "አንቺስ?"

ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ስድብም፣ ይቅርታም፣ ቀልድም ነበረኝ። ከሁሉም አንዱ አልመጣልኝም።

"እሺ" አልኩት።

ማንም ያላዘዘኝ፣ ለማንም ውለታ ያልተከፈለ፣ ከራሴ ልብ የወጣ እሺ ነበር። ዋኒስ ያን ጠዋት ከአንድ ቤት እምቢንም እሺንም ይዞ ተሳፈረ። እኔም የትኛው ይበልጥ እንደሚደንቀኝ ሳላውቅ፣ አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ ብዙ ሰዓት መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ።